የራስ ደም ለራስ ቁስል፦ ፒአርፒ በአፍና በፊት ቀዶ ሕክምና



ወደ ጥርስና መንጋጋ ሐኪም የሚመጣ ሰው ጥያቄው ተለውጧል። ቀድሞ «ዶክተር፣ ያማል ወይ?» ነበር። አሁን ስልኩን አውጥቶ ቲክቶክ ላይ ያየውን እያሳየኝ «ይሄ በገዛ ደም የሚሠራው ሕክምና እናንተ ጋ አለ?» ይለኛል። ቪዲዮው ላይ ደም ከክንድ ይቀዳል፤ መሣሪያ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል፤ ወርቃማ ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያ ፊት ላይ ወይም ድድ ውስጥ ይወጋል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ጠባሳ ያጠፋል፣ አጥንት ያበቅላል፣ ፀጉር ይመልሳል፣ ዕድሜ ይቀንሳል ይላል።

አንድ ነገር ይህን ሁሉ ያድናል ሲባል መጠርጠር ልማዴ ነው። ግን «ማጭበርበር ነው፣ ተዉት» ብዬም ላሰናብታችሁ አልችልም፤ ከማስታወቂያው ጀርባ ብዙ ዓመት የተደከመበት እውነተኛ ሥራ አለ። ፕሌትሌት የበዛበት ፕላዝማ፣ በአጭሩ ፒአርፒ፣ በአፍ፣ በመንጋጋና በፊት ቀዶ ሕክምና ውስጥ ቦታ አለው። ቦታው ግን ጠባብ ነው። ዛሬ የማሳያችሁ ያንን ጠባብ ቦታ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጠቅስ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከደሙ እንነሣ። እንዳይረጋ ተደርጎ የተቀዳ ደም ብልቃጥ ውስጥ ሆኖ በኃይል ሲሽከረከር ይለያያል። ከባዱ ቀይ ሕዋስ ታች ይዘቅጣል። ገለባ የመሰለ ቢጫ ፕላዝማ ከላይ ይቀራል። በሁለቱ መካከል፣ አተኩሮ ላላየ ሰው የምታመልጥ፣ ነጣ ያለች ስስ መስመር ትታያለች። ከጠቅላላው ደም አንድ በመቶ እንኳ አትሞላም። ነጭ የደም ሕዋሳት እዚያ ናቸው፤ ብዙ ፕሌትሌትም እዚያውና ከእሷ ከፍ ብሎ ባለው ፕላዝማ ውስጥ ይገኛል። የዛሬው ወሬያችን ሁሉ ስለዚያች መስመርና ስለ አካባቢዋ ነው።

ፕሌትሌት ሙሉ ሕዋስ እንኳ አይደለም። መቅኔ ውስጥ ካለ ግዙፍ ሕዋስ ተቆርሶ የሚወጣ፣ ኒውክለስ የሌለው ቅንጣት ነው። በጤነኛ ሰው በእያንዳንዱ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛል፤ ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። በ1882 ጁሊዮ ቢዞዜሮ የተባለ የቶሪኖ ሐኪም ሥራውን በዓይኑ አየ። የሕያው እንስሳ ስስ የሆድ ዕቃ ሽፋን ማይክሮስኮፕ ሥር ዘርግቶ ደም ሥሩን ሲጎዳው፣ እነዚህ ቅንጣቶች ቀድመው ደርሰው የተጎዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ እርስ በርስ ተያይዘውም ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት ፕሌትሌት ደም አቋሚ ተብሎ ብቻ ኖረ።

ሁለተኛ ሙያ እንዳለው የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1974 ራስል ሮስና ባልደረቦቹ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ሲያትል፣ ከደም ሥር ግድግዳ የተወሰዱ ሕዋሳትን ቤተ ሙከራ ውስጥ ያሳድጉ ነበር። ከረጋ ደም የተጠለለውን ፈሳሽ ሲሰጧቸው ይባዛሉ። ፕሌትሌት እንዳይኖርበት ተደርጎ የተዘጋጀውን ሲሰጧቸው ግን እዚያው እንደነበሩ ይቆያሉ። ልዩነቱ ፕሌትሌቱ ብቻ ነበር። ደም ሲረጋ ፕሌትሌቱ ሆዱ ውስጥ የያዘውን ያፈሳል ማለት ነው። ያፈሰሰውም ሕዋሳትን የሚጠራ፣ የሚያባዛ፣ አዲስ ደም ሥር እንዲዘረጋ የሚያዝ የፕሮቲን ጥቅል ነው። ሐኪሞች የዕድገት ፋክተር የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ፕሌትሌቱ አንዴ ከተቀሰቀሰ አብዛኛውን በ10 ደቂቃ ገደማ ያፈሰዋል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያለው ሊያልቅ ይቃረባል። ይህችን አንድ ሰዓት ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ከዚህ በኋላ ያለው ሐሳብ ለማንም ግልጽ ነው። ቁስል የሚሽረው ፕሌትሌት በሚያፈሰው ነገር ተጀምሮ ከሆነ፣ ፕሌትሌቱን ሰብስበን አብዝተን ቁስሉ ላይ ብናፈስስ ቶሎ አይሽርም ወይ? የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪሞችም ወደዚህ ገቡ። ምክንያታቸው ተግባራዊ ነበር። አፍ ውስጥ የሚሠራ ሰው ምራቅና ባክቴሪያ በሞላበት፣ ሰው በየቀኑ በሚበላበትና በሚያወራበት ቦታ ላይ ነው የሚሰፋው። ቁስሉን ቶሎ የሚዘጋ ነገር ለእኛ ቅንጦት አልነበረም። በ1997 ዊትማንና ባልደረቦቹ የፕሌትሌት ጄልን ለአፍና ለመንጋጋ ቀዶ ሕክምና አስተዋወቁ። በዓመቱ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው ጥናት ወጣ።

ጥናቱን የመራው ሮበርት ማርክስ ይባላል፤ በዚያን ጊዜ የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ነበር። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ማርክስ ሲባል ሌላው ትዝ ቢላችሁ አይፈረድባችሁም። ይህኛው የሚጽፈው ስለ መንጋጋ ነው።

ታካሚዎቹ 88 ነበሩ። ሁሉም በዕጢ ምክንያት የታችኛው መንጋጋቸው ተቆርጦ ወጥቶ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ የሚበልጥ ክፍተት የቀረባቸው ናቸው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በእኛ ሀገር የሠራ ሐኪም ያውቀዋል። አሜሎብላስቶማ የሚባለው የመንጋጋ ዕጢ አያምም፤ ስለማያምም ሰው ይታገሠዋል፤ ወደ ሆስፒታል ሲመጣ የፊቱ ግማሽ ተቀይሮ ነው። ዕጢው ሲወጣ አጥንቱም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ከዳሌ አጥንት ተቆንጥሮ መንጋጋው እንደገና መሠራት አለበት። ማርክስ ለ44ቱ የዳሌውን አጥንት ብቻ ተከለ፤ ለቀሪዎቹ 44 አጥንቱን ከፒአርፒ ጋር አዋሕዶ ተከለ። ለዚያ ከ400 እስከ 450 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳ ነበር፤ ሰው ለደም ባንክ የሚለግሰውን ያህል ማለት ነው። ተለይቶ የወጣው ፈሳሽ የፕሌትሌት መጠኑ ከመደበኛው ደም 338 በመቶ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ከተተከለው አጥንት ናሙና ሲወሰድ፣ ፒአርፒ በተጨመረበት 74 በመቶው አጥንት ሆኖ ተገኘ፤ ባልተጨመረበት 55 በመቶ ገደማ። በራጅም ሲታይ የመጀመሪያው ከዕድሜው በላይ የበሰለ መስሎ ታየ።

ይህ ቁጥር ዓለምን ዞረ። መሣሪያ ሻጮች ደረሱበት። ለትልቅ ሆስፒታል የተሠራው ማሽን አንሶ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሆነ፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የጥርስ ሐኪሙ ሁሉ «ፒአርፒ አለን» የሚል ጽሑፍ ለጠፈ። ሲገለበጥ ግን አንድ ነገር ወደቀ። ማርክስ ፈሳሹን የቀላቀለው በሕይወት ካለ የዳሌ አጥንት ጋር ነው። ያ አጥንት መቅኔውና አጥንት ሠሪ ሕዋሳቱ አብረውት አሉ። ከእሱ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ የተጠቀሙት ግን ከከብት አጥንት የተዘጋጀ፣ ሕዋስ የሌለበት ዱቄት ነበር። ማዳበሪያ የሚበተነው የተዘራ እርሻ ላይ ነው፤ ዘር በሌለበት ድንጋይ ላይ ኩንታሉን ብታፈሱት የሚበቅል የለም።

ውጤቱም እንደዚያው ሆነ። በ2002 ስቱዋርት ፍሩምና ባልደረቦቹ የላይኛው መንጋጋ አጥንታቸው ሳስቶ ከአፍንጫ ጎን ያለው ባዶ ክፍል ወለል ከፍ እንዲል የተደረገላቸውን ታካሚዎች በሁለቱም በኩል ከከብት አጥንት በተዘጋጀ ዱቄት ሞሏቸው፤ በአንዱ በኩል ብቻ ፒአርፒ ጨመሩ። ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ ተመራማሪዎች ጥንቸል ላይ ሞከሩ፤ እነሱም የጠበቁትን አላገኙም። በ2004 ከጀርመን የመጣው የዋይብሪሽና የባልደረቦቹ ሥራ ደግሞ ነገሩን ከሌላ ጎን አየው። በጥንቸል አጥንት ላይ በጎ ውጤት የታየው መጠኑ በማይክሮ ሊትር 1,000,000 ፕሌትሌት አካባቢ ሲሆን ነው። ሲያንስ ጥቅም የለውም፤ እጅግ ሲበዛ የአጥንቱን ዕድገት ያዘገየ መሰለ። «የእኛ ማሽን ከሁሉም በላይ ያጠራቅማል» የሚለው ማስታወቂያ ከዚያ ወዲህ እኔን አይገዛኝም።

አሁን ወደዚያች አንድ ሰዓት እንመለስ። ፕሌትሌቱ የያዘውን በሰዓት ውስጥ ይጨርሳል፤ አጥንት ግን የወራት ሥራ ነው። መንጋጋ ላይ አዲስ አጥንት በስሎ ሸክም እስኪችል አራት ወር፣ ስድስት ወር ይጠብቃል። በመጀመሪያው ሰዓት የፈሰሰ ፕሮቲን ሕዋስ መጥራት ይችላል፤ የተጠራውን ሕዋስ እስከ ስድስት ወር ይዞ ማሠራት ግን አይሆንለትም። ድድ ሌላ ነው። ድድ የሚሽረው በቀናት ነው፤ ሕዋሱም በአካባቢው ሞልቷል፤ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ግፊት ነው። ስለዚህ ፒአርፒና ዘመዶቹ ለስላሳ ሥጋ ላይ ከአጥንት ይልቅ ደህና ስም ማትረፋቸው አያስገርምም።

ዘመዶቹ ስል አንዱን ላስተዋውቃችሁ፤ ዛሬ ጥርስ ቤት ውስጥ በብዛት የምታገኙት እሱን ነው። የመጀመሪያው ፒአርፒ ሁለት ዓይነት ኬሚካል ይጠይቅ ነበር፦ ሲቀዳ እንዳይረጋ ሲትሬት፣ ሊደረግ ሲል ደግሞ እንዲረጋ ካልሲየምና ትሮምቢን። ትሮምቢኑ በዚያን ጊዜ ከከብት ደም የሚወጣ ነበር። ጥቂት ታካሚዎች ላይ ሰውነት ለከብቱ ትሮምቢን መከላከያ ሲያመርት የራሱን የመርጊያ ፕሮቲን አብሮ መምታት ጀመረ፤ ደም ለማቆም የተሰጠው ነገር ደም እንዲፈስ አደረገ። በስፔን ቪቶሪያ ከተማ ኤድዋርዶ አኒቱዋ በ1999 ያሳተመው መንገድ በካልሲየም ብቻ የሚሠራ ነበር። በ2001 ደግሞ በፈረንሳይ ኒስ ከተማ ጆሴፍ ሹክሩን ሁለቱንም ዓይነት ኬሚካል አስወጣ። ደሙን ያለ ምንም መድኃኒት ቀድቶ ወዲያው አሽከረከረው። በራሱ ጊዜ፣ በራሱ መንገድ እየረጋ ተለየ። ፒአርኤፍ የሚባለው ይኸው ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ኤፍ» ለፋይብሪን፣ ደም ሲረጋ ለሚፈጠረው የፕሮቲን መረብ፣ ናት።

እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ታካሚው ወንበሩ ላይ ነው፤ ማደንዘዣው ተወግቷል። ሲስተር ክንዱን አስራ ደም ሥሩን ትፈልጋለች። 10 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዙ ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ ሁለት፣ አራት፣ እንደ ቁስሉ ስፋት። ከዚህ በኋላ ሰዓት ነው የሚገዛን። እንዳይረጋ የሚያደርገው ነገር ስለሌለ ደሙ ብልቃጡን እንደነካ መርጋት ይጀምራል። ደም ሥሯ የጠፋባት፣ መርፌው ሦስቴ የተወጋባት ታካሚ ከሆነች የመጀመሪያው ብልቃጥ የመጨረሻውን ሲጠብቅ ይበላሻል። ብልቃጦቹ ሴንትሪፊዩጁ ውስጥ ትይዩ ሆነው፣ ሚዛን ጠብቀው ይቀመጣሉ። አሥር ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል። መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ያ ደም ጠፋ፤ ጄኔሬተር የሌለው ክሊኒክ ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻለዋል። ሲቆም ከታች ቀይ፣ ከላይ ውሃ መሰል፣ መሐል ላይ ቢጫ የረጋ ነገር አለ። በመቆንጠጫ ይዘን እናወጣዋለን፤ ቀዩን ጫፍ ቆርጠን፣ ግን ጠርዙን ጥቂት ትተን፤ ፕሌትሌቱ የሚበዛው ድንበሩ ላይ ነውና። ከዚያ ለዚሁ በተዘጋጀ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ በክዳኑ በቀስታ ተጭኖ ፈሳሹ ሲወጣ፣ ስስ፣ ጠንከር ያለ፣ ሊሰፋ የሚችል ሽፋን ይቀራል። የዕድገት ፋክተሮቹም መረቡ ውስጥ ስለተያዙ በሰዓት ውስጥ አያልቁም፤ ለቀናት ቀስ እያሉ ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ለሙያ ጓደኞቼ አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። በየጽሑፉ «በደቂቃ 3,000 ዙር» ይባላል። ያ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ብልቃጡ ላይ የሚያርፈው ኃይል በዙሩም፣ ከመሐሉ እስከ ብልቃጡ ባለው ርቀትም ይወሰናል። ክንዱ አጭር የሆነ ማሽንና ክንዱ ረጅም የሆነ ማሽን በአንድ ዙር ሁለት የተለያየ ነገር ይሠራሉ። ጥናቶቹ እርስ በርሳቸው የማይገጣጠሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሁሉም «ፒአርኤፍ» ይላል፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ግን አንድ አይደለም። በ2009 ዶሃን ኤረንፌስትና ባልደረቦቹ ነጭ ሕዋስ አለው ወይስ የለውም፣ የፋይብሪን መረቡ ጠንካራ ነው ወይስ ስስ ብለው በአራት መደብ ከፋፈሉት፤ ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ስለ ምን እንደምናወራ መጠያየቅ ተችሏል።

እንግዲህ ይሠራል ወይ? አፍ ለዚህ ጥያቄ ዕድለኛ ቦታ ነው። መጨረሻ የሚበቅሉት የታች መንጋጋ ጥርሶች፣ ዊዝደም የምንላቸው፣ በግራም በቀኝም አጥንት ውስጥ ተቀብረው ሲገኙ ሁለቱም ይነቀላሉ። አንዱ ጉድጓድ ፒአርኤፍ ይገባበታል፤ ሌላው ባዶውን ይሰፋል። ሰውየው አንድ፣ ሲጋራው አንድ፣ ምግቡ አንድ፤ ልዩነቱ ያ ሽፋን ብቻ ይሆናል። እንዲህ የተሠሩ ጥናቶች በብዙ ሀገር አሉ። ከእነሱ የሚወጣው ነገር በጥቂቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ቀለል ይላል፤ የድዱ መዘጋት ይፈጥናል፤ ድራይ ሶኬት የሚባለው ክፉ ችግር ይቀንሳል። አጥንቱ በወራት ውስጥ ምን ያህል ተሻለ ሲባል መልሱ የተምታታ ነው።

ድራይ ሶኬት የደረሰበት ሰው አይረሳውም። ጥርሱ በተነቀለ በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ «ዳንኩ» ባለበት ሰዓት፣ ጆሮ ድረስ የሚጠዘጥዝ ሕመም ይነሣል። አፉ ይሸታል። ጉድጓዱን ስናየው የረጋው ደም የለም፤ አጥንቱ ራቁቱን ቆሟል። የታች መንጋጋ ላይ ይበዛል፤ የሚያጨስ ሰው፣ የወሊድ መከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት ይበልጥ ይጋለጣሉ።

እዚህ ጋ ማስታወቂያዎቹ የማይነግሯችሁን ልንገራችሁ። ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱን ሞልቶ የሚረጋው ደም ራሱ ፕሌትሌትና ፋይብሪን ነው። ብልቃጥ አላስፈለገውም፤ ሴንትሪፊዩጅም አልነካውም፤ ዋጋም የለውም። ሰው ግን ወንበሩን ሳይለቅ ይተፋዋል። ቤቱ ሲደርስ ጨው በጥብጦ በኃይል ይጉመጠመጣል፤ «ይገድለዋል» ተብሎ አረቄ ይይዝበታል፤ ማምሻውን ሲጋራውን ይለኩሳል። የረጋውን ደም አጥቦ ካወጣው በኋላ በሳምንቱ «ያ በደም የሚሠራው ሕክምና ይሻለኝ ነበር» ይላል። ፈረሱን ጥሎ ጋሪ መግዛት ነው። ፋሻውን ግማሽ ሰዓት ነክሶ የቆየ፣ የመጀመሪያውን ቀን ያልተጉመጠመጠ፣ በቀሰም ያልመጠጠ፣ ሲጋራውን የተወ ታካሚ ፒአርኤፍ ይሰጠው ከነበረው ጥቅም ብዙውን በነፃ አግኝቷል። እኔ ፒአርኤፍ የማስበው የተቀበረ ዊዝደም አጥንት ተቆርጦ ለወጣለት፣ ለመዳን ችግር ላለበት፣ ወይም ኋላ ኢምፕላንት ሊተከልበት ላሰብነው ቦታ ነው። ለወላለቀ ጥርስ ደም መቅዳት አያስፈልግም።

የድድ በሽታ አጥንቱን ቦርቡሮ ጥርሱን ባዋለለበት ቦታስ? በ2018 የሕክምና ማስረጃ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ገምጋሚዎች በዚህ ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው አይተዋል። ድዱ ተከፍቶ ሲጸዳ፣ ወይም ተጸድቶ የአጥንት ምትክ ሲጨመርበት፣ የፕሌትሌት ዝግጅቱ ውጤቱን ሊያሻሽል እንደሚችል ጽፈዋል፤ ሌሎች የታወቁ የማደሻ ዘዴዎች ቀድመው በተሠሩበት ቦታ ግን የጨመረው ነገር አልታየም። የማስረጃውን ጥራትም በጣም ዝቅተኛ ብለውታል። ገምጋሚዎች እንዲህ ሲናገሩ ተስፋም ጥንቃቄም አብረው ነው የሚሰሙት።

የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ላይም ይወጋል፤ አንዳንዱ ጥናት ሕመሙን ቀነሰ ይላል፣ አንዳንዱ ከሌሎቹ መርፌዎች አልተለየም ይላል። በዚህ አልቆይም።

የምቆይበት ሌላ ነገር አለ፤ ለዚህ አዳራሽ ስለሚቀርብ። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ጥርስ ሊያስነቅሉ ልጃቸው ይዛቸው መጣች። እንደተለመደው «እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አልኳቸው።

«የለም ልጄ፣ ጤነኛ ነኝ።»

«ለደም ግፊት፣ ለልብ?»

«ምንም።»

ልጅቷ ጣልቃ ገባች፦ «እማዬ፣ ያቺ የሳምንቷስ?»

«እሷማ መድኃኒት መች ሆነች! ለአጥንት ነው፣ አሜሪካ ያለችው ልጄ የምትልክልኝ። እሑድ እሑድ በባዶ ሆዴ እውጣታለሁ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት እንዳልተኛ ተብያለሁ።»

በሳምንት አንዴ፣ በባዶ ሆድ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ የሚወሰድ ክኒን ሲባል የጥርስ ሐኪም ይነቃል። አጥንት መሳሳትን የሚከላከሉት የዚህ ወገን መድኃኒቶች አጥንት እንዳይፈርስ በማድረግ ነው የሚሠሩት፤ መንጋጋ ደግሞ ጥርስ ሲነቀል ፈርሶ መታደስ አለበት። ጥቂት ሰዎች ላይ፣ በተለይ ለካንሰር በደም ሥር በከፍተኛ መጠን በሚወስዱት ላይ፣ ቁስሉ አይዘጋም፤ የመንጋጋው አጥንት ይሞታል። ይህን በ2003 ለዓለም ሐኪሞች በደብዳቤ ያስጠነቀቀው ያው የማያሚው ማርክስ ነው። እንዲህ ባለ ታካሚ ላይ ድዱን ቶሎ ለመዝጋት የፕሌትሌት ሽፋን መጠቀም ምክንያት ያለው ነገር ነው፤ ብዙ ሐኪሞችም ያደርጉታል፤ የተገኘው ማስረጃ ተስፋ ይሰጣል። ቀድሞ የመጣው ግን ጥያቄው ነው። ያቺ ልጅ ባትናገር ኖሮ የትኛውም ሽፋን የጥያቄውን ያህል አይጠቅማቸውም ነበር። ከአሜሪካ፣ ከዱባይ የሚላከው ሻንጣ ውስጥ ያለው ክኒን ሁሉ መድኃኒት ነው፤ አስፕሪኗም ጭምር። አስፕሪን ፕሌትሌትን እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ያደነዝዛል። ይህን ሰምታችሁ ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙት፤ ለልብ የታዘዘን አስፕሪን ማቆምም መቀጠልም የሐኪሙ ውሳኔ ነው።

ወደ ፊት ቆዳ ልለፍ። ቃጠሎና ጠባሳ ላይ፣ ስብ ተወስዶ ፊት ሲሞላ፣ ቀዶ ሐኪሞች ፒአርፒን ያጅቡበታል። ዓለም ያወቀው ግን በዚህ አይደለም። በ2013 ኪም ካርዳሺያን ፊቷ በደም ተለቅልቆ ፎቶ ለጠፈች፤ «የቫምፓየር ፌሻል» የሚባለው ስም በአንድ ሌሊት ሀገር ለሀገር ዞረ። ኋላ እሷ ራሷ ሕመሙ ከባድ እንደነበርና እንደማትደግመው ተናግራለች። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዲሉ፣ ፎቶውን ያየ ሁሉ የመጸጸቷን ቃል አልሰማም።

የራሴ ደም ስለሆነ አይጎዳኝም የሚለው እምነት ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት የሆነውን ስሙ። አንዲት ሴት ኤችአይቪ እንዳለባት በ2018 ታወቀ፤ የሚታወቅ የመተላለፊያ መንገድ አልነበራትም፤ ያደረገችው በአንድ ስፓ በመርፌ ፊቷን በገዛ ደሟ ማስወጋት ነው። የጤና ባለሥልጣናት ስፓውን ሲፈትሹ ስም ያልተጻፈባቸው የደም ብልቃጦች ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው አገኙ። ሌሎች ብልቃጦች ማቀዝቀዣው ውስጥ ከምግብ ጋር ነበሩ። ከማሸጊያቸው የወጡ ሲሪንጆች በየመሳቢያው፣ የተጣሉትም በተራ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ። ስፓው በዚያው ዓመት ተዘጋ፤ ምርመራው ለዓመታት ቀጥሎ በሀገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሪፖርት በ2024 ታተመ። ለውበት በተወጋ መርፌ ኤችአይቪ ሲተላለፍ በአሜሪካ በመረጃ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነው። የስፓው ባለቤት የሆነችው ሴት ፈቃድ ሳይኖራት ሕክምና በመስጠት በፍርድ ቤት ጥፋተኝነቷን አምናለች።

ልብ በሉ፤ በሽታውን ያስያዛት ፒአርፒው ራሱ አልነበረም። ብልቃጥ ላይ ስም አለመጻፉ፣ መርፌ መደጋገሙ ነው። «የራስ ደም» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ከክንዳችሁ እስከ ፊታችሁ ድረስ የእናንተ መሆኑን የተቆጣጠረ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። በዓይን ዙሪያ ሲወጋ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ፈሳሹ ወደ ደም ሥር ገብቶ የዓይን ብርሃን እስከ ወዲያኛው የጠፋበት ሰው በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ብርቅ ነው፤ ግን ለማስዋብ በሄዱበት ዓይን ማጣት ብርቅ መሆኑ አያጽናናም።

«የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቅዶታል» የሚል ማስታወቂያም ታያላችሁ። የተፈቀደው ምን እንደሆነ ጠይቁ። አብዛኞቹ ማሽኖች ፈቃድ ያገኙት ፕላዝማውን አዘጋጅተው ከአጥንት ተክል ጋር እንዲቀላቅሉ ነው፤ ይህም ተክሉ ለአያያዝ እንዲመች ማለት ነው። ፊት ያድሳል፣ ፀጉር ያበቅላል ብሎ የፈረመ የለም። ሐኪም ከተፈቀደው ውጭ መጠቀም ይችላል፤ ሕጉ ይፈቅድለታል። ማስታወቂያው ግን ማኅተሙን ከአንዱ ወስዶ ለሌላው እየለጠፈ ነው።

ማን ላይ አይደረግም? አፉ ውስጥ ያልታወቀ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ያለበት፣ ያልሻረ ቁስል ያለበት ሰው መጀመሪያ ናሙና ይወሰድለት፤ ሕዋስ እንዲባዛ የሚያዝ ነገር ካንሰር ሊሆን በሚችል ቦታ ላይ አይፈስም። የፕሌትሌት ቁጥሩ ያነሰ፣ ደሙ የሚያስቸግር፣ ቦታው ላይ ኢንፌክሽን ያለበት ሰውም ይቆይ።

ለሐኪሞቻችን ጥያቄ አለኝ። ይህን ሕክምና የምንሰጥ ሁላችን ማሽናችን በስንት ጂ፣ ማለትም በምን ያህል ኃይል፣ እንደሚያሽከረክር፣ ስንት ደም እንደቀዳን፣ ታካሚው በሳምንቱ እንዴት እንደተመለሰ እንጻፍ። አሁን የምናነበው በአብዛኛው እንደ ማያሚ፣ ቪቶሪያና ኒስ ካሉ ቦታዎች የመጣ ነው። የእኛ ታካሚ ዕጢው ዘግይቶ፣ ድዱ ቆስሎ፣ ከመንገድ ርቆ የሚመጣ ነው፤ መዝገባችን እሱን ካልያዘ ከሌላው ሀገር ቁጥር ላይ ለእሱ መወሰን ይከብደናል።

እናንተ ደግሞ ክንዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት አትፈሩ፣ ጠይቁ። ይህ ሰው የጥርስ ወይም የቆዳ ወይም የቀዶ ሐኪም ነው ወይ? ብልቃጡ ላይ ስሜን ዓይኔ እያየ ይጻፋል ወይ? መርፌው ከማሸጊያው ፊቴ ይወጣል ወይ? ይህ ነገር ባይደረግልኝ ምን ይቀርብኛል? ለመጨረሻው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ያልሰጣችሁ ሐኪም ጋ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።